የማህደሬ ገጽ ሁለት

ባለፈው ሐምሌ የጡረታዬን ነገር ልጨርስ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ማህደሬን ያወጣችው ልጅ ይቀመጡ እንኳ ሳትለኝ ጣቷን ምራቅ እያስነካች ታገላብጥ ጀመር። ገጽ አንድ። ገጽ ሦስት። ወደ ኋላ ተመለሰች። ገጽ አንድ። ገጽ ሦስት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ገጽ ሁለት የለም።»

«የለም ማለት?»

«የለም ነዋ! ይኸው ሥሩ ቀርቷል። ሰው ነው የገነጠለው።» ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ማህደርዎ ከዚህ በፊት እጅዎ ገብቶ ያውቃል?» አለችኝ።

ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ፈተና ክፍል ውስጥ በወንበሮች መሀል ስመላለስ ስንት ልጅ ላይ እንዳሳረፍኩት እግዜር ይወቀው። ልጅቷ በጨዋ አነጋገር የጠየቀችኝ የገዛ ማህደሬን ሰርቄ እንደሆነ ነው። እኔም በበኩሌ ጠረጠርኳት። ገጹን ራሷ አጥፍታው በእኔ ልታላክክ ይሆናል አልኩ። «የጎደለ ሰነድ ሳይጣራ ማህደሩ አይዘጋም፤ ሰኞ ይመለሱ» ብላ ክርኗን አስደገፈችበት። ሁለታችንም ፊታችንን አኮሳትረን ተለያየን።

ወደ ቤት ስመለስ በሸዋ በር በኩል አልፌ ለውዝ ገዛሁ። ሻጯ አንድ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልላ ትኩሱን ለውዝ ሞላችልኝ። እኔ ለውዝ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ወረቀቱን ነው። የልጅ የቤት ሥራ ነው? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው? የመጽሐፍ ገጽ ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው? ይህ ልማድ ከየት እንደመጣብኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ገጽ ሁለት ላይ ስለነበረውም እንደዚሁ። ልጅቷ አልጠየቀችኝም እንጂ በቃሌ ልወጣው እችል ነበር። የጻፍኩትም የፈረምኩበትም እኔው ራሴ ነኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በባዮሎጂ ተመርቄ ወደ ሐረር ከተመለስኩ አምስት ወር ሆኖኛል፤ ሥራ አልያዝኩም። አባቴ ኬላ ላይ ሲፈትሽ ያረጀ ሰው ነው። ከድሬዳዋ የሚመጣውን፣ ከጅጅጋ የሚመጣውን፣ ሁሉንም ሲፈትሽ ኖሯል። ቤታችን የድሮውን ከተማ ከከበበው ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ በኩል ነበር። ምሳ ላይ ሌላው አባት ተረት ሲያወራ የእኔ አባት ስለ ከረጢት ያወራል። «ሰው የደበቀውን አያይም» ይለኝ ነበር፣ «አንቺ እሱ እንዳያይ የሚጠነቀቅበትን ቦታ እዪ። እቃው እዚያ ነው።» እኔም ይህን ሰምቼ አደግኩና በሰባት ዓመቴ እናቴ ስኳር የምትደብቅበትን ደረስኩበት። እናቴ ከዚያ ወዲህ «ይቺ ልጅ ጥላዋንም አታምን» ማለት ጀመረች። እውነቷን ነው።

አባቴ በአንድ የድሮ ወዳጁ በኩል ድሬዳዋ ጉምሩክ ሥራ አግኝቶልኝ ነበር። እስከ ቅዳሜ እሺ ወይም እምቢ ማለት ነበረብኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከግንቡ ውጭ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርቷ ለወሊድ ስለወጣች በኮንትራት ቀጥሮኛል። ሊጠይቀኝ ቤታችን ድረስ የመጣው ርዕሰ መምህሩ ራሱ፣ አቶ መርዕድ ነው። ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ሲስቅ በአንድ በኩል ባለው የከንፈሩ ጫፍ ብቻ ስለሚስቅ በእኔ ይሁን ለእኔ አይታወቅም። ሁሉን ነገር የሚጽፈው በአረንጓዴ ቀለም ነው። ገና ሁለት ሳምንት ሳልሞላ የቋሚ ቅጥር ፎርም ሰጠኝና «እስከ አርብ ሞልተሽ አምጪ» አለኝ።

ምን አስቸኮለው? ከእኔ ጋር የተመረቁት ሁሉ ከማስተማር ሲሸሹ ነው የማየው። ሰው የሚሸሸውን ቦታ በእጅ ይዘው ሲያቀርቡልህ ነገር አለ ማለት ነው። መምህራን ማረፊያ ቤት ውስጥ ብጠይቅ አንዱ ሳቀ፣ አንዷ «አይዞሽ» አለችኝ። አይዞሽ ማለቷ ይበልጥ አስፈራኝ።

አባቴማ ምርጫው ግልጽ ነበር። «አስተማሪ? ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል! ኬላ ላይ እኮ አንዴ የምትፈትሺው አንድ ሰው ነው።»

አልፈረምኩም፣ አልመለስኩም። ፎርሙን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ።

የሄደችው መምህርት ለአስራ አንደኛ ክፍሎች የደም ዝውውርን አስተምራ ነበር። የት እንደደረሱ ለማየት አንድ ጥያቄ ሰጠኋቸው፤ ከእግር የተነሳ ደም ተመልሶ እግር እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ ጻፉ የሚል። ማታውን ወረቀቱን ሳርም ዘጠኝ ተማሪዎች ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ጽፈው አገኘሁ። ደሙ ከእግር ይነሳል፣ ወደ ልብ ይመጣል፣ በቀኙ ላይኛ ክፍል ገብቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ሳንባ የሚባል ነገር የለም። ዘጠኝ ሳንባ የሌላቸው ሰዎች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው ሲተነፍሱ ከርመዋል።

ዘጠኙም ከሶፊ ገጠር የመጡ ናቸው። የማሽላው አጨዳ እስኪያልቅ ቤተሰብ ስለማይለቃቸው ከሌላው ተማሪ በጣም ዘግይተው ነው የተመዘገቡት። ሰኞ ሰኞ ማለዳ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ክፍሉ እስከ እረፍት ድረስ ማሽላ ቂጣና የበሰለ ማንጎ ይሸታል። አለቃቸው የሚመስለው ኢድሪስ ይባላል። ሪዙ የጎፈረ፣ በዕድሜ እኔን በሁለት ዓመት የሚበልጥ ተማሪ ነበር። ሲያናግረኝም «አንቺ» ነው የሚለኝ። የአገሩ አነጋገር እንደሆነ እያወቅኩ እንደ ንቀት ቆጠርኩበት።

በማግስቱ ዘጠኙን በክፍሉ አራት ማዕዘን በተንኳቸውና ሌላ ጥያቄ ሰጠሁ፤ ሰው ሲሮጥ ለምን ያለከልካል? ራሴው በወንበሮቹ መሀል ስዞር ቆየሁ። ማንም ወደ ማንም አልዞረም። ሆኖም ዘጠኙም የጻፉት፣ ሰው ሲሮጥ ደሙ ቶሎ ቶሎ ወደ ኩላሊት ስለሚገፋ ነው ብለው ነበር።

አሁን ነገሩ ከመቀዳዳት አለፈብኝ። ወይ የተዘጋጀ መልስ የሚሸጥላቸው ሰው አለ፣ ወይ አዲስ መምህርት መጣች ብለው ሊሳለቁብኝ ተማክረዋል። ኢድሪስን ኮሪደር ላይ አስቆምኩት።

«ከማን ነው የቀዳችሁት?»

«ወላሂ ቲቸር፣ አልቀዳንም።»

«ታዲያ ከየት አመጣችሁት?»

«አጥንተን ነው።»

«ከምን? መጽሐፍ ከወሰዱት ስም ዝርዝር ውስጥ አንዳችሁም የላችሁም። አይቻለሁ።»

ኢድሪስ ጫማውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ማሽአላህ፣ አንቺ ዝርዝሩንም አየሽው» አለኝ። እያሾፈብኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ፤ በሳንባ አለፈ በኩላሊት እንጃለት። በቀጥታ አቶ መርዕድ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፄ ውጭ ድረስ ይሰማ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

አቶ መርዕድ አልተገረመም። «በጽሑፍ አምጪው» አለኝ፣ «አርብ። ከነስማቸው። ተማክሮ የኮረጀ ለዓመቱ ይሰናበታል።»

ለዓመቱ መሰናበት ማለት ለሶፊ ልጅ ለዓመት ብቻ አይደለም። አንዴ ወደ ማሳው የተመለሰ አይመጣም፤ ይህን እኔም አውቅ ነበር። ግን ተሳልቀውብኛል ብዬ ስላመንኩ አላሳዘኑኝም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። የአባቴ ልጅ ነኝ፣ ከረጢቱን ደርሼበታለሁ።

የቀረኝ ማስረጃ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ሲያልቅ ኢድሪስን ተከተልኩት። ዛሬ ስናገረው ያሳፍረኛል፤ የሃያ ሁለት ዓመት፣ ዲግሪ የያዘች ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ተማሪ ስትከታተል! ለምክንያት እንዲሆነኝ ሸዋ በር ላይ ለውዝ ገዛሁና እየቆረጠምኩ ወደ ግንቡ ውስጥ ገባሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ በታክሲዎቹ መሀል ሊጠፋብኝ ነበር። በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ሲወርድ የስፌት መኪናው ጫጫታ ኮቴዬን ሸፈነልኝ። ወደ ኤረር በር ሲጠጋ መንገዱ እየጠበበ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ ሆነ። ለውዙ አለቀ። ወረቀቱን ጨብጬ መሬት ጣልኩት።

ኢድሪስ በአንድ አረንጓዴ በር ገባ። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

«ማንን ነው የምትሰልዪው ልጄ?»

ደንግጬ ልሞት ነበር። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ቆመዋል፤ በቀኝ እጃቸው ጎመን የሞላ ዘንቢል ይዘዋል። ልጆቹ የተከራዩበት ግቢ ባለቤት አዴ ፋጡማ መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«ማንንም አይደለም፣ እናቴ። መንገድ ጠፍቶኝ ነው።»

«ሐረር የተወለደች ትመስያለሽ። እንዴት ነው መንገድ የሚጠፋሽ?»

ሌላ ውሸት ስፈልግ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻውን አንድ ዐረፍተ ነገር አነበበ፤ ከዚያ ሌሎች በአንድነት ደገሙት። ቀጥሎ ሌላ ዐረፍተ ነገር። ልጆች ቁርኣን ቤት እንደሚቀሩት በዜማ፣ ትንፋሽ እየሰበሰቡ። የሚሉት ግን የአስራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ደሙ ወደ ቀኙ ላይኛ ክፍል ይገባል። ደሙ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ከዚያም ደሙ ወደ ኩላሊት ይሄዳል።

«በየቀኑ እንደዚህ ናቸው» አሉ አዴ ፋጡማ። «ከአስር ሰላት ጀምረው ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ። እኔም ይዤዋለሁ።» በእርግጥም ቃሉን ሳያውቁት ዜማውን አብረው አዜሙልኝ።

ከዚያ በሩን ከፍተው «እንግዳ አለ!» ብለው ጮሁ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰሌን ምንጣፍ፣ የግድግዳ ሚስማር ላይ የተሰቀሉ ዘጠኝ ከረጢቶችና አንድ ጥግ ላይ የቆመ የማሽላ ጆንያ ነበር። እኔ ስገባ ሁሉም ተነሱ። ኢድሪስ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በሩን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ አዴ ፋጡማን አየ። ጆንያውን ብቻ አላየም።

«ኢድሪስ፣ ከጆንያው ጀርባ ያለውን አምጣው» አልኩት።

አንዱ ልጅ መርዶ እንደሰማ «ኢና ሊላሂ» አለ። ኢድሪስ ሄዶ አወጣው። ሽፋን የሌለው፣ ጥጉ የተጠቀለለ የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። ለዘጠኝ ሰው አንድ። ገለጥኩት፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ሁለት ቦታ ተመትቶበታል።

«ሌባ አይደለንም» አለኝ ኢድሪስ። «ቲቸር፣ ሌባ አይደለንም። ከለውዝ ሻጭ ነው የገዛነው። ለመጠቅለያ ብላ በኪሎ የገዛችውን ለእኛም በኪሎ ሸጠችልን። ማኅተሙን ያየነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ዓምና የእኛ ቀበሌ ልጅ ማኅተም ያለው መጽሐፍ ይዞ ተገኝቶ ‹ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም› ተብሎ ተባሯል። ለዚህ ነው ያልነገርንሽ።»

የደም ዝውውሩን ምዕራፍ ፈለግኩ። ገጽ ስልሳ ሁለት የሚያልቀው ልቡ ደሙን የሚገፋው ወደ ምን እንደሆነ ሊናገር ሲል ነው። ቀጥሎ ያለው ገጽ ስልሳ አምስት ነው። እሱ ደግሞ የሚጀምረው «ኩላሊት» ብሎ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ያለ ምንም እንከን ገጥሟል። መሀል ያለችው ቅጠል ለውዝ ተጠቅልሎባት ሄዳለች።

«ቁጥሩ መዝለሉን አላያችሁም?»

«አይተናል» አለ ኢድሪስ። «ግን ነገሩ ገጠመ። መጽሐፍ ይዋሻል ብለን አላሰብንም።»

ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ አፈርኩ። ፊቴ እስኪቃጠል አፈርኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ስማቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ተዘርዝሮ ነበር። አዴ ፋጡማ የቡና ቅጠል ሻይ፣ ቁቲ የሚሉትን፣ በወተት አፍልተው አመጡልኝ። አንድ ልማዴን አልተውኩም፤ ብርጭቆውን ስቀበል ለምን ይሆን የሰጡኝ ብዬ ጠረጠርኩ። ከዚያ ጠጣሁት። ጨው ነበረበት፣ ይጣፍጣል።

«ታዲያ ቲቸር፣ እዚህ መሀል ምን ነበረ?» አለ ኢድሪስ።

ነገርኳቸው። ደሙ ወደ ሳንባ ይሄዳል አልኩ፤ ዘጠኙ ተከተሉኝ። በሳንባ ውስጥ አየር ይቀበላል፤ ተከተሉኝ። ቀይ ሆኖ ወደ ግራው ልብ ይመለሳል፤ ተከተሉኝ። ቀስ ብዬ የጠፋችውን ቅጠል ፊትና ጀርባዋን በዜማቸው አልኳት። አንደኛው ልጅ በደብተር ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። ሲጨርስ አዴ ፋጡማ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ሰጡትና ወረቀቱን ከስልሳ ሁለትና ከስልሳ አምስት መሀል ለጠፈው። በሕይወቴ ማንም ሰው ከአፌ የሚወጣ ቃል እንደዚያ ጠብቆ አያውቅም ነበር። ጉምሩክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ነገር እንደማላገኝ ያኔውኑ ገባኝ።

ስመለስ የጣልኩትን የለውዝ ወረቀት ከመንገድ አነሳሁት። የአንድ ልጅ የሒሳብ ደብተር ነበር፤ ማባዛት፤ አራቱ ተሳስቷል። ከዚያ በፊት ስንት ወረቀት ሳላይ እንደጣልኩ አሰብኩ።

የቀረው አርብ ነው። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ሪፖርቱን ብሰጥ ዘጠኙ በኮራጅነት ይሰናበታሉ። እውነቱን ብናገር መጽሐፉ ይጠየቃል፣ በሌብነት ይሰናበታሉ። አቶ መርዕድን ማመን ይቻላል ወይ? ያን የከንፈር ጫፍ ሳስበው አልቻልኩም። ስለዚህ ጠዋት ላይ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥያቄውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ግልጽ ባለመሆኑ ተማሪዎቹ ተሳስተዋል፤ ያለ ማስረጃ ስማቸውን በማንሳቴ ጥፋተኛ ነኝ የሚል።

አቶ መርዕድ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዘጠኝ ሰው ግልጽ ባልሆነ ጥያቄ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ይሳሳታል?»

«አዎ።»

«መምህርት ሰናይት፣ ምን አበሉሽ?»

እንደዚያ ተጠርጥሬ አላውቅም ነበር። ልቆጣ ስል ያመለጠኝ እውነቱ ነው፤ «ቁቲ» አልኩ።

የከንፈሩ ጫፍ ከፍ አለ። ኢድሪስና ሁለት ጓደኞቹ ውጭ ቆመው በመስኮቱ ሲያዩን አየሁ፤ ምን ልሠራ እንደገባሁ ሊያውቁ የመጡ ናቸው። እነሱም አላመኑኝም፣ እውነታቸውን ነው።

«ይሄ ማህደርሽ ውስጥ ይገባል» አለ አቶ መርዕድ። «ከቅጥር ፎርምሽ ቀጥሎ፣ ገጽ ሁለት ሆኖ። ማንም አለቃ ማህደርሽን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ጥፋትሽን ነው። ድሬዳዋ ሥራ እንዳለሽ ሰምቻለሁ፤ እዚያ በንጹሕ ወረቀት ትጀምሪያለሽ። አስቢበት።»

ድሬዳዋን ማን ነገረው? ይህንንም ጠረጠርኩ። ግን ከቦርሳዬ ፎርሙን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ሞላሁት። ፎርሙ ላይ ፈረምኩ፤ ደብዳቤው ላይ ፈረምኩ። ስለቸኮልኩ ሁለቱ ፊርማዎች አይመሳሰሉም።

አባቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ «ሰባው ልጅ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ታረቅን ማለት ነው።

ከዚያች ከፈረምኩባት አርብ ቀጥሎ ባለው ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ በር ጋ አቶ መርዕድ አስቆመኝ። «መምህርት ሰናይት፣ ስለዚያ ደብዳቤ አታስቢ» አለኝና በከንፈሩ ጫፍ ስቆ አለፈ።

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። እንደያዝኩብሽ አትርሺ እንዳለኝ ነው የገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት አብሬው ስሠራ እጄን ዘርግቼ ሰላም አላልኩትም። ሲያመሰግነኝ ምን ሊያዘኝ ነው አልኩ። እድገቴ አንድ ዓመት ሲዘገይ ገጽ ሁለት ነው አልኩ። ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር መምህራኑ ሁሉ ሸኙት፤ እኔ ራሴን አሞኛል አልኩ። ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወጥቶ ሐረር ተመልሶ፣ እዚሁ አረፈ። ለቅሶ አልደረስኩም። ሐረር ውስጥ አራት ዓመት አብሮ ሠርቶ ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሐረር ሰው ያውቃል።

ከዘጠኙ ስድስቱ አስራ ሁለተኛን ጨረሱ። ኢድሪስ ፈተናው አልሆነለትም፤ ዛሬ ሶፊ ማሳውን ይዞ ይኖራል። ሁለት ልጆቹን አስተምሬያለሁ፣ ሁለቱም ሳንባቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በየዓመቱ ማንጎ ይልክልኛል፤ እኔም በየዓመቱ ዘንቢሉን ስቀበል ዘንድሮ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ምንም ፈልጎ አያውቅም።

በቀጠሮዬ ሰኞ መዝገብ ቤት ተመለስኩ። ልጅቷ ማጣሪያ የምትለውን ደብዳቤ ጽፋ ጠበቀችኝ፤ እንድፈርም የምትፈልገው ገጹን አላጠፋሁም በሚል ቃል ላይ ነው። «መጀመሪያ ማህደሩን ልየው» አልኳት። አመነታችና ገፋችልኝ፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም።

ኮምፒውተር ላይ ያለው ዝርዝር አዲስ ነው። እኔ ግን የድሮ ሰው ነኝና የማህደሩን የውስጥ ሽፋን ገለጥኩ። እዚያ ድሮ በእጅ የሚጻፍ ዝርዝር አለ፤ ማንም አያነበውም። አንደኛ፣ የቅጥር ፎርም። ሁለተኛ፣ የጥፋት ማመኛ ደብዳቤ። በሁለተኛው መስመር ላይ በማስመሪያ የተሰመረ አረንጓዴ መስመር አልፏል። ከጎኑ በጥቃቅን ጽሑፍ «ተሰርዟል፤ ወጥቶ ተቀድዷል» ይላል። ፊርማ አለ። ቀንም አለ።

ቀኑ አቶ መርዕድ በር ላይ ያስቆመኝ ያቺው ሰኞ ናት።

ደብዳቤው ማህደሬ ውስጥ የኖረው ከአርብ እስከ ሰኞ ነው። የቀረውን ሠላሳ ምናምን ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰውየው በር ላይ አስቁሞ በአማርኛ ነግሮኝ ነበር። አታስቢ አለኝ። ማለቱም አታስቢ ነበር።

«ማን ነው ይሄ ሰውዬ?» አለች ልጅቷ። አንገቷን ወደ ሽፋኑ አስግጋለች፤ ጥርጣሬው ከፊቷ ጠፍቷል። መሐረቤን ስፈልግ ወንበር ሳበችልኝ።

ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል እየተባለ ይኖራል። እኔ እንኳን ልቡን፣ አፉ የተናገረውን አልሰማሁም። ዘጠኝ ልጆች አንድ ቅጠል ጎድሎባቸው ደም ወደ ኩላሊት ይሄዳል ብለው አመኑ፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲነግራቸው አንድ ከሰዓት አልፈጀባቸውም። የእኔን የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ አራት ዓመት ነበር፤ ፊት ነሳሁት።

ቅዳሜ ዕለት ሚስቱ የሚኖሩበትን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። ጥቁር ነጠላዬን ለብሼ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ማን ሞተ ብሎ አየኝ። በሩን አንኳኳሁ። ወይዘሮዋ ሙሉ በሙሉ ሳይከፍቱ፣ በክፍተቱ በኩል ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ማን ልበል? ምን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኳቸው። «ዘግይቻለሁ።»

በሩን ከፈቱልኝ።